ኮርቲሶሌ ዝቅ ብሎ ወጣ፣ «ስትሬስ የለብህም» ተባልኩ። እውነት ነው? (አምቡላንስና እሳት አደጋ ላይ ለምትሠሩ)

የአምቡላንስ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው፣ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንቅልፌ ተበላሽቷል። አዳር ባልሆንኩበት ሌሊት እንኳ ስልክ የጠራ እየመሰለኝ እነቃለሁ። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ። ቤት ስገባ ማውራት አልፈልግም። ሕፃን የተጎዳበት ጥሪ ከሆነ ደግሞ ለቀናት ከጭንቅላቴ አይወጣም፣ ሽታው ራሱ ይመጣብኛል። አንድ ጓደኛዬ «የስትሬስ ሆርሞን አለ፣ ለምን አትመረመርም» አለኝና ከአዳር ወጥቼ በዚያው አንድ የግል ላብራቶሪ ገብቼ የደም ኮርቲሶል አሠራሁ። ረፋድ ላይ ነበር። ውጤቱ ወረቀቱ ላይ ካለው መደበኛ መጠን ውስጥ ነው፣ ግን ወደ ታችኛው ጫፍ የተጠጋ። ያየልኝ ሰው «ስትሬስ ቢኖርብህ ይሄ ከፍ ይል ነበር፣ ምንም የለብህም፣ እረፍት አድርግ» ብሎ ሸኘኝ።

ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድነው? እኔ ደካማ ሆኜ ነው ማለት ነው?

ሌላው፣ ስማርት ሰዓት አለኝ፣ ስትሬስ የሚል ቁጥር ያሳያል። አዳር በሠራሁ ማግስት ሁሌ ይከፋል። እሱስ ይታመናል? ደግሞ አብረን የገባን ልጅ አለ፣ እኔ ያየሁትን ሁሉ አይቷል፣ ግን ይስቃል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም ጠንካራ ሆኖ ነው? ይሄ ጥንካሬ በደም ምርመራ ይታወቃል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ላብራቶሪ ነኝ

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ኮርቲሶል ብዙ ጊዜ እሠራለሁ። የተሰጠህ ትርጉም ትክክል አይደለም።

ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች የሚመነጭ ሆርሞን ነው። መኖሩ በሽታ አይደለም። የደም ግፊት እንዳይወድቅ፣ ስትጾም ስኳርህ እንዳይወርድ የሚያደርገው እሱ ነው። ችግሩ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከእንቅልፍ ከነቃህ በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ይወጣል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደርሳል። መደበኛ ተብሎ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቁጥር (ብዙ ቦታ ከ5 እስከ 25 ማይክሮግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው) ሌሊቱን ተኝቶ አድሮ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ደም ለሰጠ ሰው የወጣ ነው። አንተ ሌሊቱን ሙሉ ስትሮጥ አድረህ ረፋድ ላይ ነው የሰጠኸው። ሰውነትህ ለመተኛት እየተዘጋጀ ይሁን ለመንቃት ማንም ከዚያ ቁጥር ማወቅ አይችልም።

የደም ኮርቲሶል በሐኪም የሚታዘዘው በዋናነት ሁለት በሽታ ሲጠረጠር ነው። ዕጢው ከልክ በላይ የሚያመነጭበት ኩሺንግ የሚባለውና ማመንጨት የሚያቅተው አዲሰን የሚባለው። አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም «ስትሬስ አለብህ» ወይም «የለብህም» የሚል ምርመራ የለም። ይሄን እየተባለ ሰው ገንዘቡን ሲከፍል ሳይ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

በነገራችን ላይ ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ትወስዳለህ? ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ አንዳንድ የአስም ፓምፖች፣ ፊት ለማቅላት የሚቀቡ አንዳንድ ክሬሞችም ጭምር የራስህን ኮርቲሶል ያወርዱታል። ሌላም አለ። ክብደትህ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ስትነሳ ካዞረህ፣ ጨው ጨው ካሰኘህ፣ ቆዳህና ድድህ ከጠቆረ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ። በእኛ አገር ቲቢ ያንን ዕጢ ሊጎዳ ይችላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ መታለፍ የለበትም። እነዚህ ከሌሉብህ ግን ያ ወረቀት ስለ ጭንቀትህ አንድም ነገር አልነገረህም።

ቨርጂኒያ ያለሁ

ሰላም ወንድሜ። እኔም የአንተው ሙያ ነኝ፣ አሜሪካ ፓራሜዲክ ሆኜ እሠራለሁ። ላብራቶሪ የጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው።

ኮርቲሶል ዝቅ ማለቱ ከትራውማ (ከባድ ነገር ማየት ከሚያሳድረው የአእምሮ ቁስል) ነፃ ነህ ማለት አይደለም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ተቃራኒው ነው የሚታየው። በፈረንጆች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቬትናም ዘማቾችን የመረመሩ ሰዎች ፒቲኤስዲ (ከትራውማ በኋላ የሚቆይ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸው ላይ ከፍተኛ ኮርቲሶል ጠብቀው ዝቅተኛ አገኙ። ኒውዮርክ ውስጥ ራሄል ዬሁዳ የምትባል ተመራማሪ ከናዚ እልቂት የተረፉ ሰዎችን ስታጠና ተመሳሳይ ነገር አየች። ማብራሪያዋ እንዲህ ነው፦ ሰውነት ለኮርቲሶል በጣም ስሱ ይሆናል፣ ትንሽ ሲያገኝ ወዲያው «በቃ አቁም» ብሎ ምንጩን ይዘጋዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ሰውየው ግን ሌሊት እየባነነ ነው። ሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት ውጤት አላመጣም፣ ይሄንን ልደብቅህ አልፈልግም። ግን «ዝቅ ካለ ስትሬስ የለም» የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ የሚያስኬድ አይደለም።

ደግሞ መቼ እንደተለካ ራሱ ለውጥ ያመጣል። በፖሊስ ምልምሎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ገና አካዳሚ ሳሉ፣ ምንም ከባድ ነገር ሳያዩ፣ ጠዋት ሲነቁ ኮርቲሶላቸው በጣም የሚዘል የነበሩት በኋላ ሥራ ላይ ከባድ ነገር ሲገጥማቸው የበለጠ ተረበሹ። እንግዲህ አየህ፣ ከመጎዳት በፊት ከፍ ያለው፣ ከተጎዱ በኋላ ዝቅ ያለው። አንዱን ቁጥር ብቻ ይዘህ የትኛው ላይ እንዳለህ በምን ታውቃለህ?

ወደ ሰዓትህ ልምጣ። ሰዓቱ የሚለካው በሁለት የልብ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ነው። ጤነኛ ልብ ስታርፍ ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እኩል አይመታም፣ በመተንፈስህ ልክ ትንሽ ይፈጥናል ትንሽ ይዘገያል። ይሄ መለዋወጥ የሚያረጋጋው ነርቭ፣ ቬገስ የሚባለው፣ ሥራው ላይ እንዳለ ያሳያል። ስትጨነቅ፣ ስትታመም፣ ሳትተኛ ስታድር፣ ስትጠጣ መለዋወጡ ይቀንሳል። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች ከመዝመታቸው በፊት ተለክተው ነበር። መለዋወጡ ዝቅተኛ የነበረባቸው ሲመለሱ ፒቲኤስዲ የመያዛቸው ዕድል ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጥናቱ በፈረንጆች 2015 ወጥቷል። «ትንሽ» የሚለውን ልብ በል፣ ስለ አንድ የተወሰነ ሰው ትንቢት ለመናገር አይበቃም።

ስለዚህ ሰዓቱን እንዲህ ተጠቀምበት። ቁጥርህን ከጓደኛህ ቁጥር ጋር አታወዳድር፣ በዕድሜም በሰውነትም ይለያያል። የዛሬውን ብቻም አትይ። የራስህን ከሳምንት ሳምንት እይ። ከአዳር በኋላ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው እረፍት ካደረግክ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይ ነው። እረፍት ላይ ሆነህም ለሳምንታት እንደወረደ ከቀረ ሰውነትህ እያገገመ አይደለም ማለት ነው፣ ያኔ በቁም ነገር ያዘው። ጫት የሚቃም ወይም በአዳር ቡና በላይ በላዩ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ የልብ ምቱን እነሱ ራሳቸው ስለሚያፈጥኑት ቁጥሩ ይምታታል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልሂድ፣ ተረኛ ነኝ። እዚህ አገር በሥራ ላይ ከሚሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች 45 በመቶ ያህሉን የሚገድለው ልብ ነው። በፈረንጆች 2007 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው እሳት ማጥፋቱ ራሱ ከሥራ ሰዓታቸው ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከልብ ሞቶቹ ግን 32 በመቶው የደረሰው በዚያች ሰዓት ነው። ከተኛበት ደወል ሲደወል ልብ በአንድ ጊዜ የሚያደርገውን ዝላይ አስበው። ስለዚህ ስለ ስትሬስ ስናወራ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግፊትህን አስለካ፣ ስኳርህን አስለካ፣ ወገብህን ለካ። ርካሽ ናቸው፣ ከኮርቲሶልም በላይ ይነግሩሃል።

ጡረታ የወጣሁ እሳት አደጋ

ልጄ፣ እኔ ከእሳት አደጋ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሰዓትም ኮርቲሶልም አናውቅም ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ሲናድ ከ100 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ቁፋሮው ቀናት ወስዷል። እናቶች ዳር ቆመው እያለቀሱ አንተ ቆሻሻውን እየጫርክ ልጃቸውን ትፈልጋለህ። ማንም መጥቶ «እንዴት ናችሁ» አላለንም።

እኛን ያቆየን አብሮ መሆን ነው። ከእሳት ስንመለስ ሰው ወደ ቤቱ አይበተንም ነበር። መኪናው ይታጠባል፣ ሆዙ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ቡና ይፈላል። የፈለገ ያወራል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል። ዝም ያለውንም ማንም አይነካውም ግን ብቻውን አይተዉትም። አሁን የማየው ፈረቃው ሲያልቅ ሁሉም ስልኩን ይዞ ታክሲ ይይዛል።

ስለዚህ ደም መመርመሩን እኔ ብዙም አላምንበትም። ደማችንን መርምረው «አንተ ደካማ ነህ» ብለው ከሥራ የሚያወጡን ቢሆንስ? ወንድ ልጅ ይችላል እየተባልን ነው ያደግነው፣ እሱ ጥሩ ነው አልልም፣ ብዙ ጓደኞቼን መጠጥ በልቷቸዋል። ግን መፍትሔው ከመርፌ ይመጣል ብዬም አላስብም። ጸሎትህንም አትተው።

አማኑኤል አካባቢ (የሳይካትሪ ነርስ)

ጋሼ፣ አክብሮቴ ይድረስዎ፣ የጻፉትን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ቡናው ላይ ያሉት ነገር ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ስለ መርፌው ያሉት ስጋትም ትክክለኛ ስጋት ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ለጠያቂው። የጻፍካቸውን ልድገምልህ፦ መባነን፣ መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ሽታው መምጣት። እነዚህን እኛ በደም አንፈልጋቸውም። ፒቲኤስዲ እስካሁን በዓለም ላይ የትኛውም አገር በደምም በምራቅም በሰዓትም አይመረመርም። የሚታወቀው ቁጭ ብሎ በመጠየቅና በመስማት ነው። ከወር በላይ ከቆየብህና ሥራህን ወይም ቤትህን ከረበሸ መምጣት አለብህ። አንተ ደካማ አይደለህም። የሕፃን አካል ያነሳ ሰው ባይረበሽ ነው የሚገርመው።

«ሲፈጠር ጠንካራ» ስላልከው። ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ሳይንቲስቶችም ፈልገውታል። በፈረንጆች 2000 አካባቢ የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን በምርኮ ጊዜ እንዴት እንደሚተርፉ በሚያሠለጥንበት ቦታ፣ እየተራቡና እንደ ምርኮኛ በጥያቄ እየተፋጠጡ ሳለ ደማቸው ተወሰደ። በጭንቁ ውስጥ አእምሯቸውን ሰብስበው የቆዩት ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚባል ነገር በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሥራው አድሬናሊን የሚያነሳውን ሩጫ መግታት ነው። ዲኤችኢኤ የሚባል ሌላ ሆርሞንም ከኮርቲሶል ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለባቸው የተሻለ ተቋቁመዋል። ስለዚህ አዎ፣ በአካል ውስጥ የሚታይ ነገር አለ። ዘርም ድርሻ አለው። ግን እነዚህ ወጣት፣ ጤነኛ፣ የተመረጡ ወታደሮች ነበሩ፣ ጭንቁም የቀናት ነበር። የአንተ ዓመታት ነው። በየሳምንቱ ነው። እንቅልፍ የለውም፣ ደመወዙም አያኖርም። ይሄ ሌላ ነው።

ብሩስ ማክዩወን የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር በፈረንጆች 1993 ያቀረቡት ሐሳብ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ይገባኛል። የሚጎዳው አንዱ መደንገጥ አይደለም፣ ሰውነት ለመደንገጥ የተሠራ ነው፣ የሚጎዳው ድንጋጤው አለመዘጋቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሆርሞን አያዩም። የደም ግፊት፣ የወገብ ስፋት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ፣ ኮርቲሶል፣ አድሬናሊን፣ እነዚህን አንድ ላይ ደምረው ሰውነቱ ምን ያህል ሸክም እንደተሸከመ ይገምታሉ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችን ግፊትህንና ወገብህን ለካ ያለው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ጓደኛህ ስላልከው ደግሞ፣ የሚስቅ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ደህናም ሊሆን ይችላል። ከባድ ነገር ከገጠማቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ ያለ ሕክምና ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። ይሄ በጥናት ደጋግሞ የታየ ነው። ግን ያንን የሚወስነው ደም ብቻ አይደለም። ቤቱ ማን አለ? አለቃው ይሰማዋል? ከከባድ ጥሪ በኋላ ትንፋሽ ይሰጠዋል ወይስ ወዲያው ሌላ ጥሪ ይላካል? ማታ ይተኛል?

አሁን ጋሼ ወዳሉት ቡና። አንድ ጊዜ በውጭው ዓለም ከአደጋ በኋላ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ያየውን በዝርዝር እንዲናገር የማስገደድ ልማድ ነበር። በኋላ ሲጠና በአንድ ጊዜ ስብሰባ የሚደረገው ይሄ ነገር ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል፣ አንዳንዶችን እንዲያውም እንደሚያብስ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሰውን አታስገድዱ፣ ስሙ፣ የሚያስፈልገውን ስጡት፣ ከወገኑ ጋር አገናኙት ነው የሚለው። ጋሼ «የፈለገ ያወራል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል፣ ብቻውን አይተዉትም» አሉ። ሌላ ምን ልጨምር።

አንድ ነገር ግን ያስቆጨኛል፣ ይቅርታ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኛ አገር መጀመሪያ የሚደርሰው አምቡላንስም እሳት አደጋም አይደለም፣ ጎረቤት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ መሬቱ ሲናድ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱት ናቸው በሁለተኛው ናዳ የተቀበሩት። በእጃቸው ሲቆፍሩ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አጠገብ አውሮፕላኑ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ ቀድመው ያዩት በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ናቸው። የእነዚህን ሰዎች እንቅልፍ ማን ጠየቀ? ኮርቲሶላቸውን ይቅርና ስማቸውን የመዘገበ የለም። ስለ አደጋ ሠራተኛ ስናወራ እነሱም መግባት አለባቸው ባይ ነኝ።

የእሳት አደጋ ሚስት

አንብቤ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ እሳት አደጋ ነው። የምትሉትን ምልክት ቀድማ የምታየው ሚስት ናት። እሱ «ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ግን ማታ ጥርሱን ሲያፋጭ እሰማለሁ፣ ልጆቹ ሲጮሁ ፊቱ ሲቀያየር አያለሁ። ቤት ውስጥ የጭስ ሽታ ካለ፣ ወጥ ቢያርም እንኳ፣ ተነስቶ ይወጣል።

ለጠያቂው ወንድሜ የምለው፣ ባለትዳር ከሆንክ ለሚስትህ ዝርዝሩን ባትነግራት እንኳ «ዛሬ ከባድ ቀን ነበር፣ በአንቺ ተቆጥቼ አይደለም» በላት። ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ባለቤቴ መናገር ከጀመረ በኋላ ቤታችን ተቀየረ። ቀድሞ እኔ ምን አጠፋሁ እያልኩ ነበር የማድረው።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ከፀጉር ላይ የወራት ስትሬስ ይለካል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ላብራቶሪ ነኝ

እህቴ፣ እውነት ነው። ፀጉር ሲያድግ ከደም ኮርቲሶል ይወስዳል። በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከራስ ቆዳ አጠገብ የተቆረጠ 3 ሴንቲሜትር ያለፉትን 3 ወራት ያህል ያሳያል። ለተመራማሪዎች ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ያን ቀን ጠዋት ቡና ጠጣ አልጠጣ፣ ከአዳር ወጣ አልወጣ ለውጥ አያመጣበትም። የተጠራቀመውን ነው የሚያሳየው። ባለቤትሽ ግን ፀጉሩን የሚላጭ ከሆነ የሚቆረጥ ነገር የለም፣ ቀለምና የፀጉር ኬሚካልም ውጤቱን ያበላሻል።

ደግሞ ትርጉሙ ላይ ተጠንቀቂ። ጫናው አሁንም በላያቸው ላይ ያለ ሰዎች ፀጉር ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ጫናው ካለፈ በኋላ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ለምርምር እንጂ ለአንድ ሰው ሕክምና ገና አልደረሰም። አንቺ ማታ የምትሰሚው የጥርስ ማፋጨት ከፀጉሩ በላይ ይናገራል። ለሐኪም የምትነግሪው እሱን ነው።

ምራቅም አለ። ሰዎች ቤታቸው ሆነው ሲነቁ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላና ማታ ሲተኙ ይሰበስቡታል። በምራቅ ውስጥ አልፋ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይምም ይለካል፣ እሱ ከአድሬናሊን ጎን ያለውን ሥርዓት ያሳያል። እነዚህም ተደጋግመው በብዙ ቀን ከተወሰዱ ነው ትርጉም የሚኖራቸው።

የአምቡላንስ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ እርስዎንም። እህቴ ያልሽውን ዓረፍተ ነገር ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ አየችኝና ስልኬን ወስዳ የጻፋችሁትን በሙሉ አነበበች።

አንድ የቀረኝ ነገር። ጋሼ ያሉት ስጋት እኔም አለብኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሁሉንም ሠራተኛ እንመርምር» የሚል ወሬ አለ። ውጤቱ አለቃ እጅ ከገባ ማን እውነቱን ይናገራል? ሳይካትሪ ሄደ ከተባልኩ ከአምቡላንስ አውርደው ቢሮ ቢያስቀምጡኝስ?

ቨርጂኒያ ያለሁ

ስጋትህ ልክ ነው። ከአንድ ትልቅ ነገር ተነስቼ ልመልስልህ። መስከረም 1 ቀን 1994፣ እኛ እንቁጣጣሽ የምናከብርበት ቀን፣ ኒውዮርክ ላይ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአንድ ቀን አለቁ። ከዚያ በኋላ በፍርስራሹ ላይ ለወራት የሠሩት በአቧራውም በትዝታውም ታመሙ። በፈረንጆች 2023 ከዚያ ሥራ ጋር በተያያዘ ሕመም የሞቱት የከተማዋ እሳት አደጋ ባልደረቦች ቁጥር 343 ደረሰ፣ በዚያች ቀን ካለቁት ጋር እኩል ማለት ነው። በፈረንጆች 2010 በወጣ ሕግ ለአደጋ ሠራተኞቹና በአካባቢው ለነበሩ ሰዎች ነፃ የጤና ክትትልና ሕክምና ተቋቋመላቸው። በየዓመቱ ይመረመራሉ። ሳንባቸው፣ ልባቸው፣ አእምሯቸው። ብዙ ስለ ትራውማና ስለ ብግነት፣ ስለ ቶሎ ማርጀት የምናውቀው ከእነሱ ነው። ሰዎቹ የሚመጡት ምርመራው ሕክምና ስለሚያመጣላቸው ነው። አለቃቸው ለማባረር ቢጠቀምበት ኖሮ ማንም አይመጣም ነበር።

ስለዚህ የእናንተ መሥሪያ ቤት ምርመራ ሲል ጠይቁ፦ ውጤቱን ማን ያየዋል? የተገኘበት ሰው ምን ይደረግለታል? እምቢ ማለት ይቻላል? መልስ ከሌላቸው አትስጡ። ደግሞ በሆርሞን ሠራተኛ መምረጥ የሚባል ነገር ከመጣ ተቃወሙ። ከላይ የተጻፈውን አንብበህ ከሆነ የትኛውም ቁጥር ለዚያ እንደማይበቃ ገብቶሃል። በእሱ ፋንታ ሁለት አዳር በተከታታይ እንዳይሠራ፣ ሕፃን ከሞተበት ጥሪ በኋላ ቡድኑ ለተወሰነ ሰዓት ከመስመር እንዲወጣ ጠይቁ። ይሄ ምንም ላብራቶሪ አይፈልግም።

አማኑኤል አካባቢ (የሳይካትሪ ነርስ)

ስለ ሳይካትሪው። በመሥሪያ ቤትህ በኩል መሄድ የለብህም። እንደማንኛውም ሰው ካርድ አውጥተህ መታየት ትችላለህ፣ የምትነግረን ነገር በሙያችን ግዴታ ምስጢር ነው። አማኑኤል መግባት ከከበደህ በአጠቃላይ ሆስፒታሎችም ሳይካትሪ ክፍል አለ። ሕክምናው መድኃኒት ብቻ እንዳይመስልህ። ለፒቲኤስዲ መጀመሪያ የሚመከረው በትራውማው ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ነው፣ ቀስ እያለ ከባለሙያ ጋር ወደዚያ ትዝታ እየተመለሱ አእምሮ «አልፏል» እንዲል ማድረግ። ብዙ ሰው ይሻለዋል። አምቡላንሱ ላይም ይመለሳል።

ስትመጣ ስትሬስ የሚለውን የሰዓትህን ቁጥር ሳይሆን የእንቅልፍህን ሁኔታ ጻፍና አምጣ። ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ስንት ጊዜ ባነንክ፣ ምን አይነት ጥሪ ነበር ያን ቀን። እና ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ና። ለሌላው ሰው ሌሊት ላይ የምትሮጠው አንተ ነህ፣ ለአንተም የሚነሳ ተረኛ አለ።

ጡረታ የወጣሁ እሳት አደጋ

ልጄ፣ ሂድና ታይ። እኔ የቀበርኳቸው ጓደኞቼ እንዲህ የሚላቸው ሰው አልነበራቸውም። ለቡናው ደግሞ ከፈረቃችሁ አንዱን ተቆጣጣሪ አድርጉና ጀምሩት፣ ስኳሩንም ጀበናውንም እኔ አመጣለሁ፣ ጣቢያችሁ የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።